ለምስጋና ብቻ የተሠራ መድረክ

አንድ የበርበሬ ነጋዴ ነበር። ስሙ ኤርሲዶ ይባላል። በገበያው ውስጥ በሁለት ነገር ይታወቃል፦ በታማኝ ሚዛኑና ሰውን ባለማመኑ። ገበሬ ጆንያ ተሸክሞ ሲመጣለት ከላይ ያለውን ዛላ ዞር ብሎም አያየውም። እጅጌውን ይጠቀልልና ክንዱን እስከ ትከሻው ድረስ ጆንያው ውስጥ ይሰደዋል። ከታች አንድ እፍኝ ዘግኖ ያወጣል፣ ያሸተዋል፣ ያስነጥሳል፣ ከዚያ በኋላ ዋጋ ይናገራል። ብዙ ጊዜ ከታች የሚወጣው ሚዛን እንዲደፋ ውኃ የተርከፈከፈበት ወይም የሻገተ ነበር።

ገበሬዎቹ ይቀልዱበታል።

«ኤርሲዶ፣ በሠርግህ ዕለት ሙሽራዋንም እንዲህ ነው የፈተሽካት?»

«እሷ ናት የፈተሸችኝ» ይላል። «የሻገተ አግኝታብኝ ነበር፤ ዋጋ ቀንሳ ወሰደችኝ።»

ሚስቱ ታደለች ትባላለች። ሁለቱም የሚያመልኩት በአንድ ቤተ ክርስቲያን ነው። በዚያ ቤተ ክርስቲያን ወንድም ጢሞቴዎስ የሚባል ሰው የሕክምና ወጪ መረዳጃ ማኅበር አቋቋመ። ነገሩ ሲታይ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ቤተሰብ በየወሩ መዋጮ ያወጣል፤ ከአባላቱ አንዱ ታሞ ሐኪም ቤት ሲገባ የሌሎቹ መዋጮ ለእሱ ሕክምና ይውላል። መዋጮው የመድን ድርጅት ከሚያስከፍለው በእጅጉ ያንሳል። ጢሞቴዎስ ይህን ሲያስረዳ ድምፁን ዝቅ ስለሚያደርግ ሰው ለመስማት ወደ እሱ ይጠጋ ነበር።

«መድን ማለት የማያውቅህ ሰው በፊርማ የሚገባልህ ቃል ነው» አለ። «እኛ ግን እንተዋወቃለን። ወንድም ከወንድሙ ፊርማ አይጠይቅም። የአንዳችን ሸክም የሁላችንም ሸክም ነው።»

«አሜን!» አለ ጉባኤው።

ኤርሲዶ እጁን አወጣ። «ወንድም ጢሞቴዎስ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ማኅበሩ አልከፍልም ቢለኝ አቤት የምለው ለማን ነው?»

ብዙዎች ዞረው አዩት። ከኋላ አንድ ሰው አሳለ። ጢሞቴዎስ ግን አልተቆጣም፤ ፈገግ አለ።

«ኤርሲዶ ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ጆንያ አይደለም።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ታደለች የባሏን ኮት ጫፍ ይዛ ጎተተች። «ቁጭ በል፤ አታሳፍረኝ» አለች ድምፅዋን አፍና። ተቀመጠ።

በዚያን ጊዜ ኤርሲዶ የመድን ውል ነበረው። ውሉን የገባው ከዋናው መንገድ ዳር ባለ ቢሮ ሲሆን፣ ያስተናገደችው ሠራተኛ አንዴም አልሳቀችለትም ነበር። ይሄን እንከፍላለን፣ ያንን አንከፍልም፣ ያኛውንም አንከፍልም ብላ ጨረሰችና በመስኮቱ በኩል ወደ ማዶ አመለከተችው። «አልከፈሉኝም ካልክ ፍርድ ቤቱ ያውና» አለችው። ኤርሲዶ ያን ቀን ወደ ቤቱ ሲመለስ «ምን ዓይነት ደረቅ ሴት ናት!» እያለ ነበር።

ማኅበሩ ሥራ ከጀመረ በኋላ በየወሩ አንድ እሑድ ለምስክርነት ተመደበ። የተረዱት ሰዎች ወደ መድረክ ይወጣሉ። እግሩ የተሰበረው መምህር ወጥቶ መሰከረ። በቀዶ ሕክምና መንታ የተገላገለችው እኅት ሁለቱን ልጆች ታቅፋ ወጣች። ዐይኑ ተጋርዶ የነበረውና የታከመው ሽማግሌ ወጥቶ ከመድረኩ ላይ ሰዎችን በስማቸው እየጠራ «አየሁህ፣ አየሁሽ» ሲል ጉባኤው አለቀሰ፤ እልልታውም ከግቢው አልፎ እስከ መንገድ ተሰማ።

ኤርሲዶ አላለቀሰም። እያንዳንዱን ሄዶ አጣራ። መምህሩን ሱሪውን አስሰብስቦ የተሰፋውን ጠባሳ ተመለከተ። መንታ የወለደችው ሴት የተኛችበት ሐኪም ቤት ሄዶ ሒሳቡን ማን እንደከፈለ ጠየቀ። ማኅበሩ ነው አሉት። ሽማግሌውን ከሩቅ አንድ ዛላ በርበሬ አሳይቶ «ይሄ ምንድን ነው?» አለው።

«ይሄማ አንተ በውድ የምትሸጠው ነው» አለ ሽማግሌው።

ያጣራው ሁሉ እውነት ሆነ። አንድም ሰው አልዋሸም ነበር። ኤርሲዶ በጥርጣሬው አፈረ። የመድን ውሉ ጊዜ ሲያልፍ አላደሰውም፤ ከታደለች ጋር የማኅበሩ አባል ሆነ።

በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከላይ ያለውን ብቻ አይቶ ጆንያ የገዛው ያን ቀን ነው። እሱ ግን የፈተሸ መስሎት ነበር። ያጣራው እንዲያይ የተደረገውን ብቻ መሆኑ አልታየውም። ከላይ የሚደረደረው ዛላም እኮ እውነተኛ በርበሬ ነው።

ክረምቱ ሲወጣ ታደለችን ጎኗን ያዛት። መጀመሪያ ችላ አለችው። አንድ ጠዋት ግን ከአልጋዋ መነሣት አቃታት፤ የዐይኗ ነጩ ቢጫ ሆነ። ሐኪሙ መርምሮ ሐሞቷ ውስጥ ጠጠር እንዳለና መመረዝ እንደጀመረ ነገራቸው።

«ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል። መቆየት አትችልም» አለ። «ማስያዣው ሲከፈል እንገባለን።»

ኤርሲዶ አልደነገጠም። ለዚህ ቀን ሲል ነው መዋጮውን አንድም ወር ሳያስተጓጉል የከፈለው። በቀጥታ ወደ ጢሞቴዎስ ሄደ። ጢሞቴዎስ አቅፎት ጸለየለት፤ ከዚያም የማኅበሩን ኮሚቴ ሰብስቦ ውሳኔውን እንደሚነግረው ቃል ገባለት። ኤርሲዶ በረንዳ ላይ ሆኖ ጠበቀ። ጢሞቴዎስ ከስብሰባው ሲወጣ ዐይኑን ከመሬት አላነሣም።

«ወንድሜ፣ አዝናለሁ። ማኅበሩ ሰው አባል ከመሆኑ በፊት ለነበረበት ሕመም አይከፍልም።»

«በፊት የነበረ ሕመም የላትም።»

«ነበረባት። አባል ሳትሆኑ በፊት በእኅቶች ጸሎት ላይ ‹ሆዴን በቀኝ በኩል ይወጋኛል፤ ጸልዩልኝ› ብላ የጸሎት ርዕስ ሰጥታ ነበር። አብራት ስትጸልይ የነበረችው እኅት አስታውሳ ተናገረች። እሷም ከኮሚቴው አንዷ ናት።»

በዚያ ቤተ ክርስቲያን ሕመምን ለጸሎት መናገር ልማድ ነው። ለሐኪም የማይነገረው ለእኅቶች ይነገራል፤ እጅ ይጫናል፣ ይለቀሳል፣ ሻይ ይጠጣል። ታደለች ያን ቀን ሐኪም ዘንድ አልሄደችም፤ እኅቶቿ ዘንድ ሄደች።

«እንግዲህ ጸልዩልኝ ማለቷ ነው የተያዘባት?» አለ ኤርሲዶ።

«አልያዝንባትም፤ እውነቱን ነው የተናገርነው። መመሪያው እንዲህ ይላል።»

«መመሪያ? ያኔ መዋጮውን ስትጠይቀን ወንድማማች ነበርን። አሁን እኔ ስጠይቅ መመሪያ መጣ?»

«ለሁሉም ብንከፍል ለማንም አንደርስም፤ ይሄን አንተም ነጋዴ ነህ፣ ታውቀዋለህ።»

«አውቀዋለሁ። የመድን ቢሮዋ ደረቅ ሴትም ታውቀዋለች። እሷ ግን ገንዘቤን ሳትቀበል በፊት ነገረችኝ።» ኤርሲዶ የድሮ ጥያቄውን ደገመ። «አሁን አቤት የምለው ለማን ነው?»

ጢሞቴዎስ እጁን ትከሻው ላይ አደረገለት። «ለጌታ ንገረው፤ ወንድሜ።»

ኤርሲዶ ከዚያ ወጥቶ ወደ መጋዘኑ ሄደ። ዋጋው ለበዓል እስኪወጣ ያስቀመጠውን በርበሬ በሙሉ ከጎኑ ላለው ነጋዴ ሸጠ። ነጋዴው አንዱንም ጆንያ አልፈታም።

«ያንተን ዕቃ ማን ይፈትሻል!» አለው። ማክበሩ ነበር። የሰጠው ዋጋ ግን ለተቸገረ ሰው የሚሰጠውን ነው።

ማስያዣው ተከፈለ፤ ታደለችም ቀዶ ሕክምናው ተደረገላትና ተረፈች። ሐኪሙ ትንሽ ብትቆይ ኖሮ እንደማትተርፍ ነገረው። የኤርሲዶ መደብር ግን ባዶ ቀረ።

ታደለች ገና ሐኪም ቤት ተኝታ ሳለች ጢሞቴዎስ ሊጠይቃት መጣ። ሲወጣ ኤርሲዶን ኮሪደር ላይ አገኘውና በፖስታ የታሸገ ገንዘብ እጁ ውስጥ አደረገለት።

ኤርሲዶ አልጨበጠውም። «ይሄ ከማኅበሩ ነው ከአንተ?»

«ከእኔ። ከደመወዜ።»

ኤርሲዶ ፊቱን በጥርጣሬ መረመረው። ሰውየው እንቅልፍ ያጣ ይመስላል። ውሸት ፈልጎ አጣበት። «አንተ ደግ ሰው ነህ» አለው ቀስ ብሎ። «እኔን የጎዳኝም ደግነትህ ነው። ክፉ ብትሆን ኖሮ ያኔ ቁጭ አልልም ነበር።»

ገንዘቡን አልተቀበለም።

በዚያው ሰሞን አንድ ሐሳብ አላስተኛው አለ። ሲያጣራ የሄደው መድረክ ላይ ወጥተው ወዳያቸው ሰዎች ብቻ ነበር። መድረክ ላይ ያልወጡትስ የት ናቸው? ድሮ ከፊታቸው ባለው ወንበር የምትቀመጥ፣ ባሏ ልብስ ሰፊ የነበረ፣ ሹንኩሬ የምትባል ሴት ትዝ አለችው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን መጥታ አታውቅም። መናኸሪያው አጠገብ ሽንኩርት ስትሸጥ አገኛት።

«እትዬ ሹንኩሬ፣ ለባለቤትሽ ማኅበሩ ከፍሎ ነበር?»

ቀና ብላ አየችው። «ልትገዛ ነው ወይስ ልትመረምረኝ?»

«ሁለቱንም።»

ሽንኩርቱን መመዘን ጀመረች። «ኩላሊቱ ነበር። ሳያምን በፊት ይጠጣ ስለነበር ያመጣው የድሮ ኑሮው ነው ተባለ። ጌታ ይቅር ያለውን መጠጥ ኮሚቴው አልረሳውም።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«የት ቆሜ?» አለች። «መድረኩ እኮ ለምስጋና ነው። ቅሬታ ያለው ሰው እምነት የጎደለው ነው። እኔ ባሌን አጥቻለሁ፤ እምነት የላትም መባልን ደግሞ ልጨምርበት?» ሽንኩርቱን ከረጢት ውስጥ ከተተችለት። «ብቻዬን እንዳልሆንኩ ግን አውቃለሁ። እኛ እርስ በርሳችን እንተዋወቃለን፤ እናንተ ናችሁ የማታዩን።»

ታደለች ከዳነች በኋላ የምስክርነቱ እሑድ ደረሰ። ኤርሲዶ መድረክ እንዲሰጠው ጠየቀ። ሚስቱ ከሞት ተርፋለችና ማንም አልከለከለውም። ሹንኩሬንም ለምኖ አምጥቷት ነበር፤ ከበሩ አጠገብ ተቀምጣለች።

«ታደለች ድናለች፤ ጌታ ይመስገን» አለ።

እልልታው አዳራሹን ሞላው። እስኪያበቃ ጠበቀ።

«የዳነችው በርበሬዬን ሸጬ ነው። ማኅበሩ አልከፈለም። ያልከፈለው ለጸሎት ብላ የተናገረችውን ማስረጃ አድርጎ ነው። በማኅበሩ ውስጥ የሰረቀ ሰው የለም፤ እዚህ ቆመው የመሰከሩትም አልዋሹም፤ ራሴ አጣርቻለሁ። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ታመው ያልተከፈለላቸው ካሉ ይነሡ።»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ጢሞቴዎስ ዝማሬ እንዲጀመር በእጁ ምልክት ሰጠ። የመዘምራኑ መሪ ግን ዝማሬውን አልጀመረችም። ያኔ ታደለች፣ ባሏን በኮቱ ጎትታ ያስቀመጠችው ሴት፣ የተሰፋ ጎኗን በእጇ ደግፋ ተነሣች። በሩ አጠገብ ሹንኩሬ ተነሣች። ከዚያ ከመካከል አንድ ሰው ተነሣ፤ ከመዘምራኑም አንዲት ልጅ ተነሣች። ስንት ሰው እንደተነሣ እስከ ዛሬ የሚስማማ የለም፤ አንዱ ጥቂት ናቸው ይላል፣ ሌላው ብዙ። ጢሞቴዎስ ግን እያንዳንዱን በስሙ ያውቀው ነበር። እጁን አወረደና ተቀመጠ።

ማኅበሩ አልፈረሰም። ከዚያ ወዲህ ግን ሰው አባል ሲሆን የማይከፈለው ምን እንደሆነ አስቀድሞ ይነገረዋል፤ ከኮሚቴው ውጪ ያሉ ቅሬታ ሰሚዎችም ተመረጡ። በዚህ ምክንያት የወጡ አባላት አሉ። መዋጮውም ጨመረ። በእኅቶች ጸሎት ላይ ግን ሕመሟን ጮክ ብላ የምትናገር ሴት ለረጅም ጊዜ አልተገኘችም። ከተበላሸው ሁሉ ለመጠገን ያስቸገረው እሱ ነው።

የዚህ ታሪክ ትምህርት መረዳዳት ክፉ ነው ማለት አይደለም። ደግ ሰዎች ያቋቋሙት ነገርም ይፈተሻል ማለት ነው፤ ደግነት ጥያቄን የሚያሳፍር ሲሆን ደግሞ አብልጦ ይፈተሻል። ሸክምህን እሸከምልሃለሁ የሚልህ ሰው የማይሸከመውን አስቀድሞ ካልነገረህ፣ የሚነግርህ ሸክሙ ጀርባህ ላይ ካረፈ በኋላ ነው። የተረዱትን ሰዎች መስማት ደስ ይላል፤ የሚናገሩትም እውነት ነው። ስለ ማኅበሩ የሚያስፈልግህን የሚነግሩህ ግን ያልተረዱት ናቸው።

አንተ ባለህበት ማኅበር ምስጋና የሚቀርብበትን ቦታ እንደምታውቀው ጥርጥር የለኝም። ያልተከፈለለት ሰው ቆሞ የሚናገርበትስ የት ነው?