ያልጎረሰችው ውጅግራ

በአንድ ወቅት፣ ከሰው ይልቅ ጉም ርስት የያዘበት፣ ጉም አምባ የሚባል ደጋ ነበር። ከቀትር በኋላ ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ ቀስ እያለ ይወጣል። መጀመሪያ የገብሱን ማሳ ይውጣል፤ ቀጥሎ የድንጋዩን ካብ፤ ከዚያ የቤቶቹን ግድግዳ። የሣር ክዳኖቹ ብቻ በነጩ ላይ ተንሳፍፈው ይቀራሉ። ሰው በገዛ ደጁ ቆሞ እጁን ሲዘረጋ ጣቶቹን ያጣቸዋል። «የጉም አምባ ሰው ጎረቤቱን የሚለየው በመልኩ ሳይሆን በሳሉ ነው» እያሉ ቆለኞች ይቀልዱባቸው ነበር። ነገሩ ቀልድ ቢመስልም እውነት ነው። በዚያ አገር ወደ ሰው ቤት የሚሄድ ሁሉ ከካቡ ሳይደርስ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ሳይስል የመጣ ሌባ ነው።

ሌባም አይጠፋም ነበር። ጉሙ ሲወርድ ሽፍቶች ኮቴያቸውን ሳያሰሙ ይመጡና የሰው በሬ ነድተው ይሄዳሉ። ዳኛው ሩቅ ነው። ጎረቤትም ኡኡታ ሰምቶ ቢወጣ ድምፁ ከየት እንደመጣ ሲፈልግ ይመሽበታል። በሬው የተነዳበት ገበሬ ደግሞ መሬቱ ጦም ያድራል፣ ልጆቹም በሰው ደጅ ይበተናሉ። ስለዚህ አቅም ያለው ጠመንጃ ከምሰሶው ላይ ይሰቅላል፤ አቅም የሌለው ውሻ ያሳድጋል።

ባሻ እንግዳሸት ሁለቱም ነበሩት። ጠመንጃው አንድ ጎርሳ አንድ የምትተኩስ አሮጌ ውጅግራ ነበረች። ጉም ሲወርድ ያጎርሳታል፤ ጉም ሲገፈፍ ጥይቷን አውጥቶ ኪሱ ይከተዋል። ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ ሲያደርግ ኖሮ በመጨረሻ ታመመና ሚስቱን እመት የሺመቤትን ወደ አልጋው ጠራት።

«ጠመንጃዬን ቤቴን ለጠበቀ ስጪው» አላት። «ለበኩር አላልኩም። ለጠበቀ ነው ያልኩት።»

ይህን ብሎ ዐረፈ። ከጠመንጃዋ ጋር የተወው ጥይት አንድ ብቻ ነበር። ልጆቹ ግን ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው ደርበው ይባላል። ልቡ ቅን፣ ክንዱ ብርቱ ነው፤ ቁጣው ግን ከእሱ ቀድሞ ከቤት ይወጣል። አባቱ ከሞተ ወዲህ ውጅግራዋን ቀንም ሌትም እንደ ጎረሰች ተዋት። ለምን ሲሉት «ጉም አስፈቅዶ አይመጣም» ይላል። እውነቱን ነው፣ አስፈቅዶ አይመጣም።

ሁለተኛዋ አንጓች ናት። ባሏ ማንንም ሰው አልገደለም ነበር። ሰው የገደለው የባሏ አጎት ልጅ ነው፣ ያውም በድንበር ነገር። ደመኞቹ ገዳዩን ቢያጡት አውድማ ላይ ገብስ ሲያበራይ ያገኙትን የእሷን ባል ገደሉት። እሷም ልብሷን ጠቅልላ ወደ አባቷ ቤት ተመለሰች። ታዲያ አንድ የገበያ ቀን ደርበው ከጎረቤት ጋር በድንበር ተጣልቶ ሲገባ ዓይኑ ወደ ምሰሶው ሲወጣ አየችው። እጁን አላነሣም። ዓይኑ ብቻ ነው የወጣው። እሷ ግን ያንን ዓይን ታውቀዋለች። በማግስቱ ቤቱ ጭር ሲል ውጅግራዋን አውርዳ ከፈተቻት፣ ጥይቷን አወጣችና ጎታው ውስጥ ከገብሱ ሥር ቀበረቻት። ባዶዋን ጠመንጃ መልሳ ሰቀለች።

ቤቱ ግን ጭር አላለም ነበር። ታናሽየው ስንሻው ብርድ ብርድ ብሎት ቆጥ ላይ ተኝቷል። ነገረኛም ወሬኛም ያልሆነ፣ ሲናገር እንኳ ቃሉን የሚያስቀምጥበት ቦታ የሚፈልግ የሚመስል ልጅ ነው። በእንቅልፍና በንቃት መካከል ሆኖ ጉሙ በበሩ ሲገባ አየ፤ በጉሙም ውስጥ አንዲት ሴት ከምሰሶው ላይ አንድ ነገር ሕፃን እንደምታወርድ አድርጋ ስታወርድ፣ ከዚያም ወደ ጎታው ስታጎነብስ። ሕልም መሰለው። ሲሻለው ወደ እኅቱ ሄደ።

«እታለም፣ ሕልም አየሁ» አላት።

ፊቷን ሳታዞር «መልካም ይሁንልህ። ለሰው ግን አትንገረው» አለችው።

ያን ጊዜ ሕልም አለመሆኑን ዐወቀ። ክንዱን እስከ ትከሻው ገብሱ ውስጥ ሲሰድ ቀዝቃዛ ነገር ጣቱን ነካው። አላወጣውም፣ ለማንም አልተናገረም። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ።

የዘር ወቅት ደረሰ። አንድ ቀን ጉሙ ልማዱን ትቶ ገና በረፋዱ ወረደ። በሬዎቹ ቀንበር ሳይነካቸው ከጓሮ ታስረዋል። ውሻው ጮኸ፤ የሚስል ሰው ግን የለም።

ደርበው ውጅግራዋን ከምሰሶው መንጭቆ ወደ ካቡ በር ሮጠ። አንጓች «ባዶ ናት!» ልትል አፏን ከፈተች፤ ነገር ግን ወንድሟ ሲሰማ ሽፍቶቹም ይሰማሉ። ቃሏን ዋጠችና ወደ ጎታው ሮጣ በሁለት እጇ ገብሱን መዛቅ ጀመረች። በዛቀች ቁጥር ገብሱ ይናዳል፤ ጥይቷም ትሰምጣለች። ወንድሟን በገዛ እጇ የገደለችው መሰላት።

ስንሻው ባዶ እጁን ወጥቶ ከደርበው ጎን ቆመ።

«ስንሻው» አለው ደርበው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጎርሳለች አይደል?»

ስንሻው ወንድሙን አየው። እውነቱን ቢነግረው እጁ ይንቀጠቀጣል፤ እጁ ከተንቀጠቀጠ ሽፍቶቹ ያውቃሉ።

«ጎርሳለች፣ ጋሼ» አለው።

መጀመሪያ የጦሮቹ ጫፍ ከጉሙ ወጣ፤ ቀጥሎ ባርኔጣዎች፤ ከዚያ ፊቶች። አምስት ይሁኑ ስድስት፣ በዚያ ጉም ማን ይቆጥራል? አለቃቸው ጠመንጃውን በትከሻው እንዳንገተ ከሁሉ ፊት ቀረበ። እንደ እንግዳ ለዘብ ብሎ ነው የተናገረው።

«ወንድሜ፣ በሬዎቹን ስጠንና በሰላም እንለያይ።»

«ከካቡ ወዲህ እግርህን ካስገባህ እዚሁ ትቀራለህ» አለ ደርበው።

ሰውዬው ፈገግ አለና እግሩን አነሣ። ደርበውም ደረቱን አልሞ ቃታውን ሳበ።

ቃ! አለች ውጅግራዋ። ሌላ ምንም የለም። የውሻው ጩኸት ያችን ትንሽ ድምፅ ስለ ሸፈናት ከሁለቱ ወንድማማቾች በቀር የሰማት አልነበረም። የደርበው ፊት ገና ሳይለወጥ ስንሻው ዘሎ አፈሙዟን በሁለት እጁ ያዘና ወደ ሰማይ ገፋት።

«ጋሼ፣ በአባቴ አጥንት! አትግደለው! የዚህ ሰው እናት ምን በደለች!»

ደርበው ነገሩ ግራ ገብቶት ጠመንጃውን ወደ ራሱ ሳበ። ታናሹ ወደ ላይ ይገፋል፣ ታላቁ ወደ ታች ይጎትታል። የሽፍቶቹ አለቃ እግሩን እንዳነሣ፣ ወዲያና ወዲህ የምትል አፈሙዝ እያየ ጥቂት ቆመ። ከዚያ እግሩን ካነሣበት መልሶ አሳረፈው።

«ያዘው ወንድሜ፣ ጠበቅ አድርገህ ያዘው» አለው ስንሻውን፣ ወደ ኋላው እያፈገፈገ። ጉሙም ዋጣቸው። ጥቂት ቆይቶ የእግሬ አውጪኝ ኮቴ በቁልቁለቱ ተሰማ። ሽፍታ ነው ብለን እንጂ እሱም እንደኛው ነፍሱን ይወዳል።

ጉሙ ሲገፈፍ በሬዎቹ ያመሰኩ ነበር። ወንድማማቾቹ ወደ ቤት ሲገቡ አንጓችን በገብስ መካከል ተንበርክካ ስታለቅስ አገኟት። ነገሩም ያን ጊዜ ወጣ።

እመት የሺመቤት ውጅግራዋን ከደርበው እጅ ተቀብላ ጭኗ ላይ አስተኛቻት። ሽማግሌዎች ተጠሩ። ልጆቹ በየተራ ተናገሩ።

ደርበው እንዲህ አለ፦ «ካቡ በር ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ። ቤት የሚጠብቅ ሰው ክፉ ሲመጣ ቃታ የሚስብ ነው፤ እኔ ስቤያለሁ። እነሱ እኔን ባዶ ብረት አስይዘው ለጦር ሰጡኝ። እኅቴ አላመነችኝም፣ ወንድሜ ዋሸኝ። የሞትኩት በእነሱ ነበር፤ ያልሞትኩት በእግዜር ነው።»

አንጓች እንዲህ አለች፦ «ወንድምዬ፣ በድዬሃለሁ፤ ሳልነግርህ ማድረጌ በደል ነው። ግን ቃታውን ስበሃል! ጎርሳ ቢሆን ዛሬ ሬሳ ከደጃችን ይነሣ ነበር። የሽፍታም ዘመድ አለው፣ ደሙን ይፈልጋል። ነገ አውድማ ላይ የሚያገኙት አንተን ላይሆን ይችላል። ይህ ቤት ዛሬ ደም የለበትም፤ ያ በእኔ ነው።»

ስንሻው ብዙ አላለም። «እሱ የቆመው ጎርሳለች ብሎ ነው። እሷ ባዶ ስታደርጋት ጉሙ አልወረደም ነበር። ባዶ መሆኗን እያወቅሁ የቆምኩት እኔ ብቻ ነኝ» ብሎ ተቀመጠ።

ሽማግሌዎቹ ተከፋፈሉ። አንደኛው «ለደርበው ነው! ጥይቱ ባይኖርም ልቡ ነበረ» ሲል ሌላው «የጎረሰ ጠመንጃ ይዞ መድፈርማ ማን ያቅተዋል? ደግሞስ ነገ የጎረቤቱን ድንበር ሲያይ?» አለው። አንዱ ለአንጓች ሲቆም አጠገቡ ያለው «በር ጠባቂውን ትጥቅ ያስፈታ ቤቱን ጠበቀ ይባላል እንዴ? ታናሿ ባይደርስላት የምትቀብረው ወንድሟን ነበር» ብሎ ተቆጣ። ለስንሻው የቆሙትም ነበሩ፤ «ጦር ከፈታው ወሬ የፈታው ይበዛል፣ ሽፍቶቹን የፈታቸው የእሱ ቃል ነው» አሉ። ግን አንድ ዓይኑ የደከመ ሽማግሌ ራሱን ነቀነቀ። «ይህ ልጅ ጥይቷ የት እንዳለች ያውቅ ነበር። መልሶ ቢያጎርሳት ወንድሙ አይዋረድም፤ ቢናገር ሁሉም ይዘጋጃሉ። ሁለቱንም ሳያደርግ ቀኑ እስኪደርስ ጠበቀ። ጀግንነት ነው ወይስ ስንፍና?» ስንሻው ይህን ሲሰማ አንገቱን ደፋ።

እመት የሺመቤት ሁሉንም ሰማች። ጎታው ተገልብጦ ጥይቷ ተገኝታለች፤ ውጅግራዋ በጭኗ፣ ጥይቷ በመዳፏ ናት። ሽፍቶቹ ነፍሳቸው መለስ ሲልላቸው በሬዎቹን ማሰባቸው አይቀርም። ሦስቱም ልጆቿ ፊቷን ያያሉ፤ ሦስቱንም ከአንድ ማኅፀን ነው የወለደቻቸው። እንዲህ ስታስብ እጆቿ ከበዷት፤ እስካሁንም አላነሣቻቸውም ይባላል።

እንግዲህ እናንተ፣ ደጅና በር ያላችሁ ሰዎች፣ ፍረዱ። ጠመንጃዋን ለማን ትሰጥ? ጥይቷንስ ለማን?