ቁልፉ ነው የላጠሽ

ተረቴ ከገበያ መሃል ይነሳል፤ ጆሮ ያለው ይከተለኝ።

አንጓች የምትባል በርበሬ ነጋዴ ነበረች። የመጋዘኗን ቁልፍ እንደ ገበያ ሴቶች ሁሉ ጡቷ ሥር ትወሽቅ ነበር። አንድ ቀን ግራ ጡቷ ላይ ቀይ፣ ሻካራ ነገር ወጣባት። የባሏ እህት እትዬ ባንቺአምላክ አዩና «ቁልፉ ነው የላጠሽ» አሉ፤ ቁልፉንም ወስደው በገዛ አንገታቸው አንጠለጠሉት።

ቁልፉ ሄደ፤ ቀዩ አልሄደም። ቅባት ተቀባች፤ አልሄደም። ክረምቱ አለፈ፤ አልሄደም። አንጓች አንድ ነገር ብቻ ፈለገች፤ ሐኪም እንዲያይላት። ሐኪሙ ደግሞ ወደዚያች ከተማ የሚመጣው በገበያ ቀን፣ ያውም እስከ ምሳ ብቻ ነው።

በአንዱ የገበያ ቀን ባለ ባጃጁን «መልካሙ፣ ጤና ጣቢያ አድርሰኝ፤ ሐኪሙ ሊያመልጠኝ ነው» አለችው።

«አልሄድም። አህያሽ መንገድ ዘግቷል።»

ወደ አህያው ሄደች። «ዞር በል፤ ባጃጁ አልሄድም ብሏል፣ ሐኪሙ ሊያመልጠኝ ነው።» አህያው ጆሮውን እንኳ አላነቃነቀም። የተጫነው ጆንያ ከብዶታል።

ወደ ተሸካሚው ወደ ጓዴ ሄደች። «ጓዴ፣ ጆንያውን አውርድ፤ አህያው አልነቃነቅም ብሏል፣ ባጃጁ አልሄድም ብሏል፣ ሐኪሙ ሊያመልጠኝ ነው።»

«የት ላውርደው፣ አናቴ ላይ? መጋዘንሽ ተቆልፏል።»

የመጋዘኑን በር በጡጫ መታች። በሩም አልከፈትም አለ።

ወደ እትዬ ባንቺአምላክ ሄደች። «እትዬ፣ ቁልፉን ይስጡኝ፤ በሩ አልከፈትም ብሏል፣ ጓዴ አላወርድም ብሏል፣ አህያው አልነቃነቅም ብሏል፣ ባጃጁ አልሄድም ብሏል፣ ሐኪሙ ሊያመልጠኝ ነው።»

«አልሰጥሽም። ለወንድ ሐኪም ደረትሽን ልትከፍቺ? ቁልፍ የላጠው ነገር ራሱ ይሽራል። ቀስ በይ፣ ገበያው ይሰማሻል።»

«ይስማ» አለች አንጓች፤ ወደ ገበያውም ዞረች። «ስሙኝ። ጡቴ ላይ የማይድን ነገር አለ። እሱን ላሳይ ነው የምሄደው። እትዬ፣ ቁልፉ ክረምቱን ሙሉ እርስዎ ደረት ላይ ነው የከረመው። ላጠዎት?»

ዝንጅብል ሻጯ ሳቀች። እትዬ ባንቺአምላክ የቀሚሳቸውን አንገት ሳብ አድርገው ወደ ውስጥ አዩ። ምንም የለም። ፊታቸው ተለወጠ። ቁልፉን ከአንገታቸው አወጡና በሁለት እጃቸው ሰጧት።

ቁልፉ በሩን ከፈተ፣ ጓዴ ጆንያውን አወረደ፣ አህያው ዞር አለ፣ ባጃጁ በረረ፤ እትዬም ነጠላቸውን እየጎተቱ ዘለው ገቡበት። ሐኪሙ ቦርሳውን ይዞ ሊወጣ ሲል በር ላይ ደረሱበት። ቦርሳውን አስቀምጦ አየላት።

«ቁልፍ አይደለም» አለ። «ቅባት ያላዳነውን ነገር ከቆዳው ትንሽ ወስደን ሳንመረምር አንተወውም።»

ወሰደ፣ ላከ። ውጤቱ ክፉ ስም ይዞ መጣ። ግን ገና አልተስፋፋም ነበርና ቀዶ ሕክምናው ቀደመው። አንጓችም ከስታ፣ ድምፅዋ ግን ሳይከሳ፣ በርበሬዋ ጋ ተመለሰች።

ዛሬ በዚያ ገበያ አንዲት ሴት «ጡቴ ላይ አንድ ነገር…» ብላ ብታንሾካሹክ፣ ቀድመው የሚጮኹት እትዬ ባንቺአምላክ ናቸው፦

«አህያውን ከመንገድ አንሱ!»

ተረቴም ከገበያ ተነስቶ ገበያ ገባ።