የስንዱ ሮኬትና አልነሣ ያሉት ግመሎች

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» አትበሉኝ፤ የዛሬው በረት የግመል ነው።

ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ብረታ ብረት የምታስተምር ስንዱ የምትባል ሴት ነበረች። ስንዱ ሮኬት ሠራች። መጫወቻ እንዳይመስላችሁ! ሁለት ሰው ተደራርቦ ቢቆም አይደርስበትም። ባለፈው ዓመት የሠራችው ሮኬት ገና ሳይነሣ መሬት ላይ ፈንድቶ፣ ሰፈሩ «ስንዱ ርችቷ» ሲላት ከርሟል። እሷ ግን ስብርባሪውን ለቃቅማ፣ የት ጋ እንደተሰነጠቀ ፈልጋ አገኘችና እንደገና ጀመረች።

አሁን ሁሉም አልቋል። ነዳጁ ገብቷል፣ ፓራሹቱ ታጥፏል፣ ፈቃድም ተገኝቷል። ፈቃዱ ግን ለዚያች ቀን ብቻ ነው፤ ያውም ፀሐይ እስክትጠልቅ። ከዚያ በኋላ ክረምት ነው፤ ነዳጁ እርጥበት ከጠጣ ልፋቷ ሁሉ ገደል ገባ።

የቀራት አንዲት ትንሽ ነገር ናት፤ ባዶ ሜዳ።

ከባሏ ከተካልኝ ጋር ከከተማው ወጣ ብለው ሮኬቱን ሜዳ ላይ አቆሙት። አቁመው ሳይጨርሱ የእረኛው የሮብሌ ግመሎች መጥተው ዙሪያውን ተንበረከኩ።

«ወንድሜ ሮብሌ፣ ግመሎችህን አንሣልኝ። ይሄ ነገር ሲነሣ እሳት ይተፋል» አለችው።

«አቦ፣ እኔ ምን ላድርግ? ውሃ ሊጠጡ መጥተው ገንዳው ባዶ ሆነባቸው። ሳይጠጡ እንኳን ለሮኬት ለንጉሥም አይነሡም።»

ስንዱ ወደ ገንዳው ሄደች፤ ደርቋል። ገንዳውን ወደሚሞላው ፓምፕ ሄደች፤ ፓምፑን የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ተበጥሷል። ፓምፑ ያለ ቺንጋ ውሃ አልስብ አለ፤ ገንዳው ያለ ውሃ አልሞላ አለ፤ ግመሎቹ ሳይጠጡ አልነሣ አሉ፤ ሮኬቱም እንደቆመ ቀረ።

«ዛሬ ባይሆንስ?» አላት ተካልኝ።

«ዛሬ ነው» አለች። ሻሿን አጥብቃ አሰረችና ሄደች።

ቺንጋ ያለው መኪያ ሱቅ ነው። ሱቁ ተዘግቷል። ስንዱ ብትጣራ፣ መኪያ ከላይ ከጣሪያው ላይ መለሰችላት። ነፋስ የገነጠለው ቆርቆሮ እንዳይበር በሆዷ ተኝታበታለች።

«ነይ ውረጂና ቺንጋ ሽጪልኝ፣ መኪያዬ።»

«እንዴት ልውረድ? ከለቀቅኩት ቆርቆሮው በርሮ የሰው አንገት ይቀላል! ምስማር የሚመታልኝ ሰው አምጪ።»

መኪያ ያለ ምስማር አልወርድ አለች፤ ቺንጋው ከሱቅ አልወጣ አለ፤ ፓምፑ ውሃ አልስብ አለ፤ ገንዳው አልሞላ አለ፤ ግመሎቹ አልነሣ አሉ፤ ሮኬቱም እንደቆመ ቀረ። ስንዱ ሻሿን አጠበቀችና ሄደች።

አናጢው በዳሳ ምስማሩንም መዶሻውንም ይዞ ተከተላት። ጣሪያው ሥር ሲደርስ ግን ቆመ። በዳሳ ወፍራም ነው።

«መኪያ በምን ወጣች?»

«በአጥሩ ተንጠላጥላ።»

«እህቴ፣ ይሄ አጥር መኪያን ተሸከመ ማለት እኔን ይሸከማል ማለት አይደለም። መሰላል አምጪልኝ። ጋሽ ዘውገ ቤት አለ፤ ከሰጡሽ።»

አናጢው ያለ መሰላል አልወጣ አለ፤ መኪያ ያለ ምስማር አልወርድ አለች፤ ቺንጋው ከሱቅ አልወጣ አለ፤ ፓምፑ ውሃ አልስብ አለ፤ ገንዳው አልሞላ አለ፤ ግመሎቹ አልነሣ አሉ፤ ሮኬቱም እንደቆመ ቀረ። ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ አዘንብላለች። ስንዱ ሻሿን አጠበቀችና፣ አሁንስ እየሮጠች ሄደች።

ጋሽ ዘውገ በድሮው ባቡር ጣቢያ ፊሽካ ነፍተው ባቡር የሚሸኙ ሰው ነበሩ። አሁን ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው መንገዱን ያያሉ።

«ጋሽ ዘውገ፣ እባክዎ መሰላልዎን ያውሱኝ።»

«አላውስም። ለምንድነው?»

«አናጢው ያለ መሰላል አልወጣ አለ፤ መኪያ ያለ ምስማር አልወርድ አለች፤ ቺንጋው ከሱቅ አልወጣ አለ፤ ፓምፑ ውሃ አልስብ አለ፤ ገንዳው አልሞላ አለ፤ ግመሎቹ አልነሣ አሉ፤ ሮኬቴም እንደቆመ ቀረ!» ትንፋሿ አጠራት።

«ያ የፈነዳው?»

«አዎ፣ የፈነዳው።»

«ይሄኛውስ ቢፈነዳ?»

«ሌላ እሠራለኋ።»

ሽማግሌው ከመቀመጫቸው ተነሡ። «ልጄ፣ ባቡሩ ከቆመ ወዲህ የሸኘሁት ሬሳ ብቻ ነው። መሰላሉን ውሰጂ። ግን ሮኬትሽ ያለ እኔ ፊሽካ አይነሣም።»

ስንዱ ግን «ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ» ብላ ቆጥራ ራሷ ልታስነሣው ነበር የተመኘችው። ትንሽ አመነታች።

«ቁልፉን የምጫነው እኔ ነኝ» አለች። «ፊሽካው የእርስዎ ይሁን።»

ተስማሙ። ከዚያማ ምኑ ይወራል! ጋሽ ዘውገ መሰላሉን ሰጡ፤ መሰላሉ አናጢውን አወጣ፤ አናጢው ምስማሩን መታ፤ ምስማሩ ቆርቆሮውን ያዘ፤ መኪያ ወረደች፤ ቺንጋው ከሱቅ ወጣ፤ ፓምፑ ውሃ ሳበ፤ ገንዳው ሞላ፤ ግመሎቹ ጠጡ፣ ጠጡ፣ ጠጡና ተነሡ፤ ሮብሌ እያፏጨ ርቆ ነዳቸው። ሜዳው ባዶ ሆነ።

ሁሉም ስንዱን ተከትለው ወደ ሜዳው መጡና ርቀው ከአፈር ክምር ጀርባ ቆሙ። ጋሽ ዘውገ የጣቢያ ቆባቸውን አድርገው ወደ ግራ አዩ፤ ወደ ቀኝ አዩ፤ ደግመው ወደ ግራ አዩ። የፀሐይዋ ጠርዝ ተራራውን ነክቷል። የስንዱ አውራ ጣት ቁልፉ ላይ አላበው።

«ጋሽ ዘውገ፣ ፀሐይዋ!»

«ዝም በይ! ሰው እንዳይቀር እያየሁ ነው።»

ፊሽካው ተነፋ። ስንዱ ቁልፉን ተጫነች።

ምንም የለም። ለአንድ አፍታ፣ ልክ ባለፈው ዓመት ከመፈንዳቱ በፊት እንደሆነው፣ ምንም። ከዚያ ምድሪቱ አጓራች፤ ሮኬቱ በነጭ እሳት ላይ ተነሣ፤ ሽቅብ፣ ሽቅብ፣ የመኪያ እልልታ ሳያልቅ ከዓይን ጠፋ። ሁሉም ሽቅብ አንጋጦ ሰማይ ላይ ይፈልገዋል። ቆይቶ፣ ከላይ፣ ታች የጠለቀችው ፀሐይ ገና በምታበራበት ከፍታ ላይ፣ ቀይ ፓራሹት ተከፈተ።

ስንዱ መሬት ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። እየሳቀች እንባዋ ይወርዳል።

«ለጥቂት እኮ ነው ጋሽ ዘውገ! ሊመሽብን ነበር፣ ልንዘገይ ነበር!»

«የምን መዘግየት?» አሉ ሽማግሌው ቆባቸውን እያቃኑ። «እኔ ስነፋ ነው ሰዓቱ።»