ዕጣ የማያልፋት ደጅ

ዶክተር ይርዳው የሚባሉ አጥኚ አንድ የገጠር ቀበሌ የውሃ ጉድጓድ ያስፈልገው እንደሆነ ሊያጠኑ መጡ። "እኛ የምንጠይቀው ዕጣ የወጣለትን ሰው ብቻ ነው፤ ሳይንስ አያዳላም!" እያሉ መኪናቸውን አስፋልቱ ዳር፣ አንዲት ባልቴት ደጅ ላይ አቆሙ።

"እማማ፣ ውሃ ለመቅዳት ስንት ሰዓት ይፈጅብዎታል?"

ባልቴቲቱ አጥራቸው ሥር ያለውን ቦኖ እያዩ፣ "ኧረ ጫማም ሳላደርግ ቀድቼ እመለሳለሁ!" አሉ።

ዶክተሩ "ቀበሌው የውሃ ችግር የለበትም" ብለው ጻፉና ወረቀቱን ዘረጉላቸው። "በሉ፣ በዕጣ መመረጥዎን በጣትዎ ይፈርሙልኝ።"

"ተራራው ላይ ያሉትስ? እነሱ እኮ ውሃ ፍለጋ ግማሽ ቀን ነው የሚሄዱት።"

"ምን ላድርግ፣ ዕጣው አልወጣላቸውማ!"

"ለእኔ ግን ሲወጣልኝ ይሄ አራተኛው ነው።"

ዶክተሩ በሳቅ ፈነዱ። "እንግዲያው ዕድለኛ ነዎት!"

ባልቴቲቱ ጎንበስ ብለው የመኪናውን ጎማ ዳበስ አደረጉና ንጹሕ መዳፋቸውን አሳዩዋቸው።

"ዕድለኛውስ ይሄ ነው ዶክተር! አራት ጊዜ ሙሉ ዕጣ ሲወጣ፣ አንድም ቀን ጭቃ አልነካውም።"