ሪባን የማይቆረጥበት አዳራሽ

በጎሽ ሜዳ ከተማ ቤት ሲመረቅ ሪባን አይቆረጥም፤ ይፈታል። መቀስ በሳህን የሚያስይዝ ባለሥልጣን ሲመጣ ሴቶቹ ሳቃቸውን በነጠላ ጋርደው «ያንን ወዲያ ያስቀምጡልን» ይሉታል። የዚህ ልማድ መነሻ የዕድሩ አዳራሽ ነው ይባላል።

አዳራሹ ድሮ ችሎት ነበር። በዚያ ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ ድረስ ልብሳቸው ጫፍ ለጫፍ ተቋጥሮ አብረው ይውሉ፣ አብረው ያድሩ ነበር፤ ቁራኛ ማለት ይኸው ነው። እንደሚነገረው ጓንጉል የሚባል ገበሬ በሬ ሰርቀሃል ተብሎ ከከሳሹ ከባላምባራስ እንግዳ ጋር ተቆራኘና በችሎቱ ዕቃ ቤት ተቀመጠ። ዳኛው ሲመጣ ባላምባራሱ ብቻቸውን ተገኙ፤ የኩታቸው ጫፍ ተቆርጧል። «ቆርጦኝ ጠፋ» አሉ። ባላምባራስ ይዋሻል ብሎ ማን ያስባል፤ ታመኑ። ከዚያ ወዲያ የጓንጉል ልጅ ደብሪቱ «የቆራጩ ልጅ» ተብላ ቀረች፤ የሚያጫት ጠፋ፣ ዕድሩም አልመዘግብሽም አላት።

ዘመን አልፎ ችሎቱ ወደ ሌላ ሰፈር ሲዛወር ቤቱ የሌሊት ወፍ መራቢያ ሆነ። ዕድሩም አድሶ ለለቅሶውም፣ ለሰርጉም፣ ለልጆች ማንበቢያም ሊያደርገው ተነሣ። የዕድሩ ዳኛ ደግሞ ሌላ ማንም አይደለም፣ የባላምባራሱ ልጅ አቶ ቢተው ነው። ያን ጫፉ የጎደለ ኩታ የአባቴ እውነት ምስክር ነው እያለ በየበዓሉ ይለብሰው ነበር፤ ለሥራውም ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ለብሶት ይመጣ ነበር። ደብሪቱ አርጅታ ሳለ፣ አባልም ሳትሆን ጭቃ ልታቦካ ሄደች።

«ለማይቀብርሽ ዕድር ምን ያለፋሻል?» አለቻት ጎረቤቷ።

«አባቴ ጥሎኝ የወጣበትን በር ልየው ብዬ ነው።»

በሦስተኛው ቀን የዕቃ ቤቱን ወለል የሚቆፍሩት ሰዎች ድንገት ዶማቸውን ጥለው ሰው ተጣሩ። ደብሪቱ እጇን እንኳ ሳትታጠብ ገባች። የተቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ የሰው አፅም ተኝቷል፤ የጋቢ ቅሪት እንደ ለበሰ፣ በጋቢው ጫፍ ቋጠሮ፣ በቋጠሮው ውስጥ አረንጓዴ ጥለት ያለው የኩታ ቁራጭ። አፈር ያን ሁሉ በልቶ ይህችን መተዉ ያዩትን ሰዎች ዛሬም ያነጋግራቸዋል።

«አቶ ቢተው፣ ኩታዎን ወዲህ ያምጡት» አለች ደብሪቱ፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ ወደ ቆመው ዳኛ ዞራ።

ሰውዬው አውልቆ ሰጣት። ጫፍ ለጫፍ ገጠመችው። ልክ ሆነ። ጓንጉል ለካ ከዚያ ቤት ወጥቶም አያውቅ።

«እትዬ ደብሪቱ፣» አላት፤ እትዬ ሲላት የመጀመሪያው ነው። «አፈር ልብላ፣ አላወቅሁም።»

«እኔስ መች አወቅሁ። አርባ ዓመት ጥሎኝ ሄደ ብዬ ስረግመው ኖርኩ። እግሬ ሥር ነበር።»

አንዱ ቋጠሮውን ሊቆርጥ ቢላዋ አወጣ። «ስለት እዚህ ቤት ገብቶ የሠራውን አየን» አለችና ቁጭ ብላ በጭቃ እጇ ትፈታው ጀመር። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ፈጀባት ይላሉ፤ ተይ ያላትም፣ ላግዝሽ ያላትም የለም። አባቷን ፈታችው፤ ዕድሩም ቀበረው፤ አቶ ቢተው ቃሬዛውን ከፊት ተሸከመ።

አዳራሹ ሲመረቅ ከላይ የመጣው ሹም መቀስ አነሣ። እጁን የያዘው አቶ ቢተው ነው። «ጌታዬ፣ እዚህ ቤት አይቆረጥም» ብሎ ደብሪቱን ጠራት፤ አንዱን ጫፍ እሷ፣ አንዱን እሱ ፈቱት።

ዛሬ ሁለቱም የሉም። ሪባኑን የሚያስሩት ሴቶች ግን ሆን ብለው አጥብቀው ይቋጥሩታል፤ የቱንም ያህል ትልቅ ሰው ይምጣ፣ ላብ እስኪያጠምቀው ይፈታታል። ያ ቋጠሮ ሳይፈታ የበሩን ደፍ የሚረግጥ የለም።