የማይገጥመው ባትሪ

ወገኖቼ፣ አንድ ሰው ነበረ። ስሙን አልነግራችሁም፤ ብነግራችሁ ቤቱ ድረስ ሄዳችሁ ትስቁበታላችሁ። ሆሳዕና ከተማ ውስጥ ለሠርግና ለለቅሶ ወንበር የሚያከራይ፣ ሥራ ወዳድ፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነው። ወንበሩን የሚያመላልስባት አንዲት አሮጌ ቫን አለችው።

አንድ ዓርብ ጠዋት ቁልፉን ሲያዞር ቫኗ ዝም አለች። ደግሞ አዞረ፤ ጠቅ ብላ ዝም። ባትሪው ሞቷል። በማግስቱ ደግሞ ከከተማ ወጣ ብሎ ባለ መንደር ሠርግ አለ፤ የእንግዶቹ ወንበር የሚሄደው በእሷ ነው። አዲስ ለመግዛት አቅም ስላልነበረው ያገለገሉ ባትሪዎች ወደሚሸጡት ወደ ጋሽ ሄራሞ ሱቅ ሄደ። ልብ በሉ፤ ያገለገለ መፈለጉ ጥፋት አልነበረም። ጥፋቱ ሌላ ነው።

«ለምን ዓይነት መኪና ነው?» አሉት ጋሽ ሄራሞ።

«ለቫን። ግን ያንን ትልቁን ይስጡኝ!»

«መኪናዋን ሳላይ?»

«ምን ያደርግልዎታል ጋሼ? ባትሪ ባትሪ ነው።»

ጣቱን የቀሰረው ወደ ጭነት መኪና ባትሪ ነበር። ለምን? ጎረቤቱ የጭነት መኪና አለዋ! ጠዋት ጠዋት ያ ሞተር ሰፈሩን ሲያናውጠው ይሰማል፤ በሰማ ቁጥር ይቀናል። የእኔም ቫን እንደዚያ ብታጓራ ብሎ ተመኘ። ባትሪውን አቅፎ፣ እያለከለከ ወጣ።

ቤት ደርሶ ኮፈኑን ከፈተ። ባለቤቱ ብዙነሽ አጠገቡ ቆማ ታያለች። ባትሪው ቦታው ላይ አልገባ አለ። ገፋው፤ አልገባም። ፖዘቲቭ የሚባለው ጫፉ በግራ መሆን ሲገባው በቀኝ ነው፤ ገመዱ አልደርስ አለ።

«አልገጠመም እኮ። መልሰው» አለችው።

«ይገጥማል!»

ሽቦ ቀጠለበት። ማሰሪያው አልይዝ ሲለው በላስቲክ ጠፍሮ አሰረው። ኮፈኑን ተጭኖበት በጉልበት ዘጋው። ቁልፉን ቢያዞር ሞተሩ ተነሣ!

«አየሽ?» አላት።

ወገኖቼ፣ ሞተሩ ስለተነሣ ገጠመ ማለት ነው?

በማግስቱ ወንበሩን ጭኖ ወጣ። አስፋልቱ ላይ እያፏጨ ነዳ። ኮረኮንቹ ሲጀምር ግን ቫኗ ነጠረች፤ ላስቲኩ ተበጠሰ፤ ባትሪው ዘሎ ከኮፈኑ ብረት ጋር ተገናኘ። ብልጭታ! ጭስ! ሰውዬው ዘሎ ወረደና ሽቦውን በጨርቅ ይዞ መነጨቀው። እሱም ቫኗም ተረፉ፤ ቫኗ ግን መንገዱን ዘግታ ቆመች።

ከኋላው ጥሩምባ ሰማ። የማን ይመስላችኋል? የሙሽሮቹ አጀብ ነው!

ሚዜዎቹ በሙሉ ልብሳቸው ወረዱ። አንዱ «የምትቆምበት ቀን አጣህ?» ብሎ ጮኸበት። ሰውዬው መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው። ይኼኔ ሙሽሪት የመኪናዋን መስታወት ዝቅ አደረገች።

«ምን ትጮሁባቸዋላችሁ? ወንበሩ እሳቸው ጋ ነው! እንግዶቹ የት ሊቀመጡ ነው? ቫኗን ከእኛ መኪና ጋር እሰሯትና ጎትቷት!»

ታሰረች። በአበባ ያጌጠው የሙሽሮቹ ላንድክሩዘር ከፊት፣ ወንበር የጫነችው ቫን ከኋላ፣ መንደሩ ገቡ። እናቶች እልል አሉ። አንዲት አሮጊት «ይኼ ደግሞ ምን የሚሉት ሥርዓት ነው?» ብለው ጠየቁ። የኛ ሰው መሪውን ይዞ በኀፍረት አቀርቅሯል። ወንበሩ ወርዶ፣ እንግዳው ተቀምጦ፣ ሙሽሪት ራሷ «ይብሉ እንጂ» ስትለው ግን እሱም መሳቅ ጀመረ።

ሰኞ ቫኗን አስጎትቶ ወደ ጋሽ ሄራሞ ተመለሰ። ጋሽ ሄራሞ አልተቆጡትም።

«እኔም ጥፋት አለብኝ፤ ሳላይ መሸጥ አልነበረብኝም። በል ኮፈኑን ክፈተው» አሉት።

ባትሪው የሚቀመጥበትን ቦታ ለኩ። ፖዘቲቩ በየት በኩል እንደሆነ፣ ገመዱ እስከየት እንደሚደርስ አዩ። ከዚያ ስቲከሩ የተላጠ፣ አነስ ያለ ባትሪ አወጡ።

«ይቺን?» አለ ፊቱን አጨማዶ።

«መጀመሪያ ትሞከር።»

ቦታዋ ላይ ቁጭ አለች፤ ማሰሪያውም ያዛት። መብራቱን አብርተው፣ ሞተሩን ደጋግመው አስነሥተው አጠፉ፤ አልደከመችም። ሰውዬው ኮፈኑን በአንድ እጁ ዘጋው። አብራው የመጣችው ብዙነሽ ሳቀች፤ «ዛሬስ አልታገልክም!»

ወገኖቼ፣ ያ ትልቁ ባትሪ ክፉ ነበር? አልነበረም! በጭነት መኪና ላይ ጌታ ነው። ቦታው ግን እዚህ አይደለም።

እናንተስ? ጎረቤት ስላጓራ ብቻ ስንቱን አቅፋችሁ ቤት አስገባችሁ? አንተ ወንድሜ፣ ጓደኞችህ ስላደነቋት ብቻ ልታገባት ነው? አንቺ እህቴ፣ ጎረቤትሽ ስላተረፈችበት ብቻ ያንን ንግድ ልትጀምሪ ነው? «እግዚአብሔር ሆይ፣ ለእኔ የሚሆነው የትኛው ነው?» ብላችሁ ጠይቃችኋል? ወይስ ሽቦ እየቀጠላችሁ፣ በላስቲክ እያሰራችሁ ነው?

ደግሞ እዚህ መካከል «እኔ ጊዜዬ አልፏል፤ አገልግዬ ጨርሻለሁ» የምትሉ አላችሁ። ጡረታ የወጣችሁ፣ ልጆች ያሳደጋችሁ። ማን ነው ጨርሳችኋል ያላችሁ? እግዚአብሔር አላለም! ያቺ ስቲከሯ የተላጠ ባትሪም ያገለገለች ነበረች፤ ቦታዋን ስታገኝ ግን ሞተር አስነሣች። ዛሬም እናንተን ብቻ የሚጠብቅ ሥራ አለው፤ ምናልባት አንድ የታመመ ጎረቤት፣ ምናልባት የተኳረፉ ባልና ሚስት። ከዚህ ስትወጡ ወደ ቤታችሁ አትቸኩሉ። በመንገድ ላይ የማንን በር ልታንኳኩ እንደሆነ እያሰባችሁ ሂዱ።