የተዘለለችው ስንኝ

አንድ ሐይቅ ዳር የሚኖሩ ሦስት ጓደኛሞች ነበሩ። ላቀው፣ ሙጨ እና እንየው ይባላሉ። ሦስቱም ዓሣ አጥማጆች ናቸው። ሆኖም ለሦስት የነበራቸው አንዲት የደንገል ታንኳና አንድ የመንጠቆ ገመድ ብቻ ነበር። ደንገል ውኃ ዳር የሚበቅል ሣር ነው። ታስሮ ታንኳ ሲሆን ቀላል ነው፤ ውኃ ሲጠጣ ይከብዳል፤ ሲከርም ደግሞ ይበሰብሳል። ስለዚህ እንዲህ ባለች ታንኳ ላይ ሥራ የሚፈታ ሰው አይኖርም። አንዱ ከፊት ተቀምጦ ገመዱን ይይዛል። አንዱ መሀል ሆኖ ይቀዝፋል። አንዱ ከኋላ ሆኖ ለመንጠቆው የሚሆነውን ሥጋ ይቆራርጣል፤ ታንኳዋ እንዳታጋድልም በሰውነቱ ሚዛን ይጠብቃል።

ተራቸውን የሚለኩት በዘፈን ነበር። ቀዛፊው እየቀዘፈ ከአባቶቻቸው የወረሱትን ዘፈን ይዘፍናል። ዘፈኑ ሲያልቅ ገመድ የያዘው ተነሥቶ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ቀዛፊው ገመዱን ይረከባል፤ ከኋላ የነበረውም መቅዘፊያውን ይይዛል። ዘፈኑ እንዲህ ብሎ ይጀምራል፦

ነፋሱም ቀስ ይበል፣ ማዕበሉም ይረፍ፣
የደንገል ታንኳችን ጥልቁን እንድታልፍ።

ከዚያ ስለ ጉማሬው፣ ስለ ጭጋጉ፣ ስለ ወፎቹ ይላል፣ ይላልና በዚህች ስንኝ ይጨርሳል፦

ዳር ቆመሽ የምታይ፣ እናት ሆይ አትስጊ፣
ሦስት ሆነን ወጥተናል፣ ሦስታችንን ፈልጊ።

ዘፋኙ ራሱ ቀጣዩ ተረኛ ስለሆነ፣ ቢፈልግ ዘፈኑን ማሳጠር ይችል ነበር። ግን ማናቸውም አሳጥረውት አያውቁም። እንዲያውም እንየው ሲዘፍን ድምፁን ስለሚጎትት፣ ሙጨ «ኧረ ጨርስ ወንድሜ፣ ዓሣው አረጀ!» እያለ ይቀልድበት ነበር።

በዚያ ሐይቅ በየዓመቱ ክረምት ወጥቶ ውኃው ሲጠራ የዓሣ ማጥመድ ውድድር ይደረጋል። ትልቁን ዓሣ ያወጣ የሚሸለመው የመንደሩ ሰው ተባብሮ የሚያሠራውን የጣውላ ጀልባ ነው። የውድድሩ ልማድ ደግሞ እንዲህ ነበር፤ አሸናፊው ዓሣውን ይዞ ዳኛው ፊት ይቆማል። አብረውት በአንድ ታንኳ የወጡት ጓደኞቹ አንድ በአንድ «እጁ ነው» ብለው ይመሰክሩለታል። አንዱ እንኳ ዝም ካለ ሽልማቱ ለሌላ ታንኳ ይሄዳል። ጀልባው በአንድ ሰው ስም ይሰጣል። ከዚያ በኋላ የሚሆነው የባለቤቱ ጉዳይ ነው።

ሦስቱ ጓደኛሞች ከውድድሩ በፊት እጃቸውን አንድ ላይ ውኃ ውስጥ ነክረው ቃል ተገባቡ። የማንም እጅ ያውጣው፣ ጀልባው የሦስታቸው ይሆናል፤ እንደ ገመዱም በተራ ይጠቀሙበታል። ላቀውም እጁን ነከረ።

ላቀው ግን ሌላ የሚያስጨንቀው ነገር ነበረው። የውድድሩ ዳኛ የነበሩት ሽማግሌ አያ ጓንጉል፣ ደብሬ የምትባል ልጅ አለቻቸው። ላቀው ይወዳታል፤ እሷም አልጠላችውም። እሳቸው ግን ገና ወሬውን ሲሰሙ መንገድ ላይ አስቆሙት።

«ስማ ልጄ፣ እኔ ልጄን እርጥብ ሣር ላይ ለሚቀመጥ ሰው አልድርም» አሉት።

«ዘንድሮ ጀልባውን ብናሸንፍስ አያ?»

«ብናሸንፍ? ልጄን ልታገቧት ያሰባችሁት ስንት ሆናችሁ ነው?» ብለው ሳቁ። ቀጥለውም ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው፣ «የሦስት ሰው ጀልባ የማንም ጀልባ አይደለም። ሌላ ጠያቂ መጥቷል። እስከ ውድድሩ ታግሼሃለሁ፣ ከዚያ በኋላ አልጠብቅም» አሉት።

ላቀው ይህን ለጓደኞቹ አልነገራቸውም። ቢነግራቸው ምን እንደሚሉት ያውቅ ነበር። «ውሰደው» ይሉት ነበር። ግን ለምኖ ከሚሰጠው ይልቅ በእጁ የሚያገኘውን መረጠ።

የውድድሩ ቀን ጠዋት ጥሩምባ ተነፋ፣ ታንኳዎቹም ወጡ። ነፋሱ ከመጀመሪያው ጀምሮ አልተመቸም። ረፋዱ ላይ ሦስቱም ገመዱን ደጋግመው ተቀባብለው ያገኙት መዳፍ የማይሞላ ቀረሶ ዓሣ ብቻ ነበር። ከወዲያ ማዶ ካለ ታንኳ ላይ ጩኸት ተሰማ። ሰዎቹ የሰው ክንድ የሚያክል አምባዛ ዓሣ አውጥተው እያሳዩ ነበር።

«እናንተ ልጆች! ቀረሶውን መልሱት እንጂ፣ እናቱ ትፈልገዋለች!» ብለው ጮኹባቸው።

እንየው ሳቀ። ላቀው አልሳቀም። ጥሩምባው ለማብቂያ እንደገና እስኪነፋ የቀረው ጊዜ ጥቂት ነበር።

ከሐይቁ ውስጥ ብቅ ካለው ጥቁር ድንጋይ አጠገብ ውኃው ጥልቅ ነው። ወደዚያ ሲጠጉ ገመዱ በሙጨ እጅ፣ መቅዘፊያው በላቀው እጅ ነበር። ላቀው እየዘፈነ ሳለ ከድንጋዩ ሥር አረፋ ሲወጣ አየ። ትንሽ አረፋ አይደለም፤ ትልቅ አምባዛ ጭቃውን ሲቆፍር የሚያወጣው ዓይነት ነው። ሙጨ ፊቱን ወደ ሌላ በኩል አዙሮ ስለነበር አላየውም። ዘፈኑ ወደ ወፎቹ ደርሷል። ከወፎቹ በኋላ የምትቀረው ስለ እናትየው የምትናገረው ስንኝ ብቻ ናት። እሷ እስክትዘፈን ሙጨ መንጠቆውን እዚያ ይጥለዋል። ዓሣውም የሙጨ ይሆናል፤ ጀልባውም በሙጨ ስም ይጠራል።

ላቀው ወፎቹን ጨረሰ። ከዚያ ዝም አለ።

«ተራ» አለ፣ መቅዘፊያውን አስቀምጦ።

ከኋላ ሥጋ ይቆራርጥ የነበረው የእንየው ቢላዋ ቆመ። ሙጨ ቀስ ብሎ ዞሮ ላቀውን አየው። ነፋሱ ይጮኻል፤ ላቀውም በልቡ «ነፋሱ ነው፣ አልሰሙም» አለ። ግን ዓይኑን ከሙጨ ዓይን አሸሸ።

«አለቀ?» አለ ሙጨ።

«አለቀ።»

ሙጨ ገመዱን ሰጠው፤ ዝቅ ብሎ በአጠገቡ አልፎም ከኋላ ተቀመጠ። እንየው መቅዘፊያውን አነሣ፤ መዝፈን ግን አልጀመረም። ላቀው መንጠቆውን አረፋው ላይ ጣለው።

ብዙም ሳይቆይ ገመዱ እጁን ቆረጠው። ዓሣው ወደ ታች ሲወርድ ታንኳዋ አፍንጫዋን ደፋች፤ በግራ በኩል ውኃ ገባ። ላቀው በጉልበቱ ተንበረከከ፤ ገመዱ መዳፉን እየላጠ ይሄዳል። ሊለቀው አልፈለገም፤ ሊይዘውም አልቻለም። ሰውነቱ ወደ ውኃው ማዘንበል ሲጀምር አንድ እጅ ከኋላ መቀነቱን ጨበጠ። ሙጨ ነበር። ሙጨ በአንድ እጁ እሱን ይዞ፣ በሙሉ ክብደቱ ወደ ቀኝ ተንጋለለ። እንየው በመቅዘፊያው ታንኳዋን ከድንጋዩ አርቆ ያዛት።

«አትልቀቀው! ያዘው! ያዘው እንጂ!» ይል ነበር ሙጨ፣ ጥርሱን ነክሶ።

ዓሣው ደክሞት ሲወጣ የታንኳዋን ግማሽ ያክል ነበር። የዚያኑ ጊዜ ጥሩምባው ተነፋ።

ዳር ላይ ሕዝቡ ተሰብስቦ ጠበቃቸው። የማዶዎቹ ሰዎች አምባዛ ከላቀው ዓሣ ጎን ሲሰቀል ልጁ መሰለ። አያ ጓንጉል በትራቸውን አሸዋው ላይ ተክለው ቆሙ። ላቀው ዓሣውን ታቅፎ ፊታቸው ቀረበ።

«እጁ የማን ነው?» አሉ አያ ጓንጉል።

እንየው መሬት መሬት አየ። ሙጨ የላቀውን ፊት ያይ ነበር። ሙጨ ዝም ቢል ሁሉም ነገር ያበቃል፤ ጀልባውም፣ ደብሬም። ሙጨ ዝም የማለት ምክንያት እንዳለው ደግሞ ከላቀው የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም።

«እጁ ነው» አለ ሙጨ።

«እጁ ነው» አለ እንየውም፣ ቀና ሳይል።

እልልታው ቀለጠ። ጀልባው በላቀው ስም ተጠራ። ከሕዝቡ መሀል አንዱ «የሦስታችሁ ነው አይደል?» ብሎ ጠየቀ። አያ ጓንጉል ጆሯቸውን አቀኑ። ላቀውም፣

«የተጠራው የማን ስም ነው?» ብሎ መለሰ።

ዞር ሲል ደብሬ ከኋላው ያለውን ባዶ ቦታ ታይ ነበር። «ሙጨና እንየውስ?» አለችው። ሁለቱ የራሰችውን ታንኳ ተሸክመው ሄደው ነበር።

በማግሥቱ ላቀው ጀልባውን ብቻውን አስወጣው። ጀልባው ያማረ ነበር፤ እግሩንም አያረጥብም። ነገር ግን ሲቀዝፍ ማጥመድ አልቻለም፤ ለማጥመድ መቅዘፊያውን ሲያስቀምጥ ደግሞ ነፋሱ ጀልባውን ያሽከረክረዋል። ከልማዱ የተነሣ መዝፈን ጀመረ። ወፎቹን ጨርሶ ቆመ። የምትቀጥለውን ስንኝ በቃሉ ያውቃታል፤ ግን አልወጣ አለችው። ባዶ እጁን ተመለሰ። የሚቀጥለው ቀንም እንደዚያው ሆነ።

ሆኖም ሽማግሌ ላከ። አያ ጓንጉል ሽማግሌዎቹን በደስታ ተቀበሉ፤ ላቀውንም አስጠርተው አስቀመጡት።

«ጀልባ ብያለሁ፣ ጀልባ አምጥተሃል። ቃሌ ቃል ነው። ሚዜዎችህ እነማን ናቸው?»

ላቀው የጋቢውን ጫፍ መጠቅለል ጀመረ።

«ምነው ዝም አልክ? ከልጅነትህ ጀምሮ አንድ ታንኳ ላይ ያየሁህ ከእነዚያ ከሁለቱ ጋር አልነበረም እንዴ? እነሱ የት አሉ?»

«እነሱ... አሁን እንኳ...»

«ታዲያ ማን ያጅብሃል? መቼም ጀልባውን ሚዜ አታደርገው!» ብለው ሳቁ፤ ቤቱ ውስጥ የነበረውም ሁሉ ሳቀ።

ላቀው ግን ከተቀመጠበት ተነሣ። ጀልባውን እየቀዘፈ ሙጨና እንየው ወደሚያጠምዱበት ሄደ። ሁለቱ አሮጌዋ ታንኳ ላይ ነበሩ፤ ታንኳዋ ከመራሷ የተነሣ ጫፏ ብቻ ይታያል። ሲያዩት ሥራቸውን አላቆሙም። ላቀው አጠገባቸው ደርሶ መቅዘፊያውን አስቀመጠ።

«ዘፈኑን አሳጥሬዋለሁ» አለ። «አረፋውን አይቼ ነው። ተራው ያንተ ነበር።»

«አውቃለሁ» አለ ሙጨ። «ጆሮ አለኝ እኮ።»

«ታዲያ ለምን ዳኛው ፊት ዝም አላልክም?»

«ዳኛው የጠየቁኝ እጁን ነው። እጁ ያንተ ነበር። ስለ ተራው የምትናገረው አንተ ነህ ብዬ ስጠብቅህ ነበር።»

«የጀልባውንም ቃል በልቻለሁ» አለ ላቀው። «እጄን ነክሬ ነበር።»

እንየው ገመዱን እየጠቀለለ፣ «ለሠርግህ ከሆነ እኮ ብትነግረን እኛው ተሸክመን እናመጣልህ ነበር፣ አንተ ሞኝ!» አለ። የደብሬን ነገር ሐይቁ ዳር ያለው ሰው ሁሉ እንደሚያውቅ ላቀው ያኔ ገባው።

ላቀው አንገቱን ደፋ። ሙጨ ከታንኳዋ ተነሥቶ ወደ ጀልባው ተሻገረ፤ ከፊት ሄዶ ተቀመጠና እጁን ወደ እንየው ዘረጋ። እንየው ገመዱን ሰጠውና እሱም ተሻግሮ ከኋላ ተቀመጠ። ሙጨ መንጠቆውን ውኃው ላይ ጣለ።

«እንግዲህ ተራዬ ገና አላለቀም» አለ፣ ሳይዞር። «የዘለልካትን ዝፈናት።»

ላቀው መቅዘፊያውን አነሣ። ስንኟን እስከ መጨረሻዋ ቃል ዘፈናት።

ሽልማት ለአንድ እጅ ይሰጣል፤ ነገር ግን ያ እጅ ዓሣውን እስኪያወጣ መቀነቱን የያዘለት ሌላ እጅ አለ። ከጓደኛው ተራ ላይ የሰረቀ ሰው ዓሣውን ሊያገኝ፣ ስሙም ሊጠራ፣ ሕዝቡም እልል ሊልለት ይችላል። የሚያጣው ግን በሚቀዝፍበት ጊዜ ገመዱን የሚይዝለትን ሰው ነው። የተበላ ተራ የሚመለሰው ደግሞ ሌላው እስኪጠይቅ በመጠበቅ ሳይሆን፣ የበላው ሰው ራሱ ሄዶ ካቆመበት ሲጀምር ነው።

እኛስ ቶሎ ከፊት ለመቀመጥ ብለን የማንን ስንኝ ዘለልን? ባለተራውስ ሰምቶ፣ እስክንናገር ድረስ ዝም ብሎን ይሆን?